የልጅ መንጋጋ ሲያድግ ኮምፒዩተሩ ምን ያያል?

በኪሪያት ማላኺ፣ በጌዴራ ወይም በያቭኔ የሚኖር ወላጅ ዛሬ የ11 ወይም የ12 ዓመት ልጁን ይዞ ወደ ኦርቶዶንት ሲገባ መጀመሪያ የሚያየው ሽቦ ሳይሆን ስክሪን ነው። የልጁ አፍ እንደ ጥርስ ብሩሽ በእጅ በሚያዝ ትንሽ ካሜራ ይቀረጻል። ጥቂት ደቂቃ ሳይቆይ ጥርሶቹ በስክሪኑ ላይ ይወጣሉ፤ ሐኪሙ እያዞረ ከላይም ከጎንም ያሳያል። አንድ ቁልፍ ሲጫን ደግሞ የተዛነፉት ጥርሶች እየተንሸራተቱ መስመር ይይዛሉ፤ ወጣ ያለው የላይኛው ረድፍም ይሰበሰባል። እዚህ ላይ ብዙ ወላጆች አንድ ጥያቄ ይጠይቃሉ፤ «ልጄ እንዲህ ነው የሚሆነው?»

ጥያቄው ተገቢ ነው። ለመመለስ ግን ሰዎች አንድ አድርገው የሚያዩአቸውን ሁለት ነገሮች መለየት ያስፈልጋል። አንደኛው ጥርሶቹ የት ቦታ ቢቀመጡ ጥሩ እንደሚሆን የሚያሳየው ሥዕል ነው። ሁለተኛው ጥርሱ፣ አጥንቱና ጡንቻው ሲገፉ ወይም ሲሳቡ በውስጣቸው ምን እንደሚሆን የሚያሰላው የኮምፒዩተር ሞዴል ነው። በክሊኒክ የሚታየው ፊልም አብዛኛውን ጊዜ የመጀመሪያው ነው። ሁለተኛው ዛሬም በብዛት የሚሠራው በዩኒቨርሲቲዎችና በምርምር ቤቶች ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

የመጀመሪያውን በተመለከተ እስራኤል ትልቅ ድርሻ አላት። አይቴሮ የተባለውን በዓለም ዙሪያ የታወቀ የአፍ መቅረጫ መሣሪያ የሠራው ካዴንት የተባለው ኩባንያ ሥራውን ያካሂድ የነበረው በኦር የሁዳ ሲሆን፣ በ2011 ኢንቪዛላይን የተባሉትን የማይታዩ የፕላስቲክ ማስተካከያዎች የሚሠራው የአሜሪካ ኩባንያ ገዝቶታል። መሣሪያው የሚጠቀመው ብርሃን ስለሆነ ጨረር የለውም፤ ልጁም አፉን በሚያቅለሸልሽ ሊጥ መሙላት ቀርቶለታል። ይሁን እንጂ የሚቀርጸው የሚታየውን ብቻ ነው፤ የጥርሱን አክሊልና ድዱን። ሥሩን፣ አጥንቱን፣ የመንጋጋውን መጋጠሚያ አያይም። ስለዚህ በስክሪኑ ላይ ጥርስ ሲንሸራተት ማየት በካርታ ላይ ከኪሪያት ማላኺ እስከ ረሆቮት በጣት እንደ መሄድ ነው። መንገዱ መኖሩን ያሳያል፤ መኪናው ይደርስ አይደርስ እንደሆነ ግን አይናገርም።

ጥርስ በግድግዳ ላይ እንደ ተመታ ሚስማር አይደለም። በሥሩና በአጥንቱ መካከል 0.2 ሚሊ ሜትር ገደማ ውፍረት ያለው፣ በጅማትና በደም ሥር የተሞላ ስስ ሽፋን አለ። ሽቦው ጥርሱን ወደ አንድ ጎን ሲገፋው ይህ ሽፋን በአንዱ በኩል ይጨመቃል፣ በሌላው በኩል ይወጠራል። በተጨመቀው በኩል ሰውነት አጥንቱን እየበላ ያስወግደዋል፣ በተወጠረው በኩል አዲስ አጥንት ይሠራል። ጥርሱ የሚሄደው እንዲህ ነው፤ በወር አንድ ሚሊ ሜትር ገደማ። የሚያስፈልገው ኃይልም ሰዎች ከሚገምቱት በጣም ያነሰ ነው። አንድን ጥርስ ለማዘንበል ከ35 እስከ 60 ግራም ይበቃል፤ ከአንድ እንቁላል ክብደት አይበልጥም። ሥሩን ጨምሮ ጥርሱን ቀጥ አድርጎ ለማንቀሳቀስ ደግሞ የዚያ እጥፍ ያህል ያስፈልጋል። ከመጠን በላይ ከተገፋ በሽፋኑ ውስጥ ያለው ደም ይቆማል፤ ጥርሱም ከመፍጠን ይልቅ ለሳምንታት ባለበት ይቆያል፣ ሥሩም ሊጎዳ ይችላል። «ጠበቅ አድርጉልን፣ ቶሎ ይለቅ» የሚሉ ወላጆች ይህን ቢያውቁ ጥሩ ነው።

እስካሁን የተነገረው ስለ ጥርስ ነው። በልጅ ላይ ግን ሌላም ነገር አለ፤ መንጋጋው ራሱ እያደገ ነው። የላይኛው መንጋጋ ከሌሎች የፊት አጥንቶች ጋር የተያያዘው በስፌት ነው። በላንቃ መሀል የሚያልፈው ስፌት በልጅነት ክፍት ሆኖ በጉርምስና እየተቆለፈ ይሄዳል። የታችኛው መንጋጋ ደግሞ ከጆሮ ፊት ለፊት ባለው መጋጠሚያ ጫፍ ላይ ልስልስ የሆነ፣ ገና አጥንት እየሆነ ያለ ክፍል አለው። ሐኪሞች ይህን ጊዜ ይጠቀሙበታል። ላንቃው ጠባብ ለሆነ ልጅ መሀሉ ላይ ብሎን ያለው መለጠጫ ይገጠምለታል፤ ወላጅ በቤት ውስጥ በትንሽ ቁልፍ በቀን አንዴ ወይም ሁለቴ ያዞረዋል፣ አንዱ ዙር ሩብ ሚሊ ሜትር ያህል ይከፍታል። የላይኛው መንጋጋ ወደ ኋላ ለቀረ ልጅ በግንባርና በአገጭ ላይ የሚያርፍ ጭምብል በላስቲክ ወደ ፊት ይስባል፤ በየጎኑ 400 ግራም ገደማ ኃይል ነው። አገጩ ወደ ኋላ ለገባ ልጅ ደግሞ የታችኛውን መንጋጋ ወደ ፊት አውጥቶ የሚይዝ መሣሪያ አለ። ከእነዚህ አንዱ የሆነውን ትዊን ብሎክ ስኮትላንዳዊው ሐኪም ዊሊያም ክላርክ በ1977 ነው የጀመረው፤ ሄርብስት የሚባለው ግን ከ1905 ጀምሮ የሚታወቅ የጀርመን ሥራ ነው።

እንዲህ ያለው ኃይል ጥርሱን አልፎ የት ይደርሳል? በሕያው ልጅ አጥንት ውስጥ መለኪያ ማስገባት አይቻልም። የኮምፒዩተሩ ሞዴል የገባው በዚህ ክፍተት ነው።

ዘዴው ከጥርስ ሕክምና አልመጣም። በ1950ዎቹ የአሜሪካ መሐንዲሶች የአውሮፕላን ክንፍ ምን ያህል ጫና እንደሚችል ለማስላት አንድ መላ አበጁ፤ ጠማማውንና አስቸጋሪውን ቅርጽ በሺህ በሚቆጠሩ ትንንሽ ክፍሎች መከፋፈል። ከመሐንዲሶቹ አንዱ የሆነው ሬይ ክላፍ በ1960 ፋይናይት ኤለመንት የሚል ስም ሰጠው። ሐሳቡን ሰፌድ ወይም መሶብ የሰፋች እናት ወዲያውኑ ትረዳዋለች። ሰፌድ አንድ ወጥ ነገር አይደለም፤ እያንዳንዱ ስፌት ከጎኑ፣ ከላዩና ከታቹ ካለው ጋር የተያያዘ ነው። ጫፉን ቢስቡት የተሳበው ስፌት ለጎረቤቱ ያስተላልፋል፣ ያም ለሚቀጥለው። አንዱ ስፌት ምን ያህል እንደሚለጠጥ ካወቁ የሙሉውን ሰፌድ መጣመም ማስላት ይቻላል። ኮምፒዩተሩም እያንዳንዱን ትንሽ ቁራጭ «አንተ ጠንካራ አጥንት ነህ፣ አንተ የጥርስ አክሊል ነህ፣ አንተ ልስልስ ሽፋን ነህ» ብሎ ይመዘግባል፤ ከዚያ አንድ ቦታ ላይ ኃይል ያሳርፍና ጫናው በቁራጮቹ መካከል እንዴት እንደሚከፋፈል ያሰላል። ውጤቱ በቀለም ይወጣል። ቀዩ ብዙ ጫና ያለበት፣ ሰማያዊው ብዙም ያልተነካ ነው።

በ1973 የአሜሪካ ተመራማሪዎች ዘዴውን ለአንድ መንጋጋ ጥርስ ተጠቀሙበት። በ1980ዎቹ በጃፓን ታኔ የተባለው ኦርቶዶንትና ባልደረቦቹ ወደ ሙሉው የፊት አጥንት አሳደጉት። ከሥራቸው አንድ ለሕክምናው የጠቀመ ነገር ተገኘ። ጭምብሉ የላይኛውን መንጋጋ ቀጥ አድርጎ ወደ ፊት ሲስበው አጥንቱ ዝም ብሎ ወደ ፊት አይመጣም፤ ይሽከረከራል፣ የፊቱ ጫፍ ወደ ላይ ይነሣል። ላስቲኩ 30 ዲግሪ ያህል ወደ ታች ዘንበል ብሎ ሲስብ ግን ሽክርክሪቱ ይቀንሳል። ዛሬ ልጆች በሚያጠልቁት ጭምብል ላይ ላስቲኩ ወደ ታች ዘምቦ የሚታሰረው በዚህ ምክንያት ነው።

በ1998 ደግሞ በቱርክ የሚገኙ ተመራማሪዎች የላንቃ መለጠጫውን በሞዴል አጠኑት። የላይኛው መንጋጋ የሚከፈተው እንደ በር እኩል ሆኖ አይደለም። በጥርሶቹ በኩል ብዙ ይከፈታል፣ ወደ አፍንጫና ወደ ዓይን አካባቢ ሲወጣ እየጠበበ ይሄዳል፤ ጫናው ግን እስከ አፍንጫ ሥርና እስከ ጉንጭ አጥንት ይደርሳል። ብሎኑ በተዞረ ማግስት «አፍንጫዬ ላይ፣ በዓይኖቼ መካከል ይጨንቀኛል» የሚል ልጅ እንግዲህ አላስመሰለም። የተገፋው ላንቃው ቢሆንም የተሰማው እዚያ ነው።

እስከዚህ ሞዴሉ ጎበዝ ነው። አሁን ድካሙ ይምጣ።

ሞዴሉ የሚያሰላው አብዛኛውን ጊዜ አንድን ቅጽበት ነው። ዛሬ ይህን ያህል ኃይል ቢያርፍ ዛሬ ጫናው የት ነው? ልጅ ግን ነገ ዛሬ ያለው አይደለም። ሕክምናው አንድ ዓመት ከመንፈቅ ይወስዳል፤ በዚያ ጊዜ ቁመቱ ይጨምራል፣ አገጩ ይወርዳል፣ ስፌቱ ይጠነክራል። አጥንት ለጫና እንዴት እንደሚመልስ ሳይንስ ሙሉ በሙሉ አልፈታውም። አሜሪካዊው ሐኪም ሃሮልድ ፍሮስት አጥንት ልክ እንደ ቤት ሙቀት መቆጣጠሪያ ነው ብሎ ነበር። ጫናው ከአንድ ልክ በታች ሲሆን ይሳሳል፣ ከአንድ ልክ በላይ ሲሆን ይጨምራል። ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ ዳሩ ግን የዚህ ልጅ ልክ የቱ ጋ እንደሆነ በቁጥር የሚነግር የለም። ትዊን ብሎክን የመሰለ መሣሪያ ደግሞ የሚሠራው በልጁ ጡንቻዎች ነው፤ መንጋጋው ወደ ፊት ተይዞ ጡንቻው ወደ ኋላ ይስበዋል። ልጁ ሲተኛ፣ ሲያወራ፣ ሲውጥ የጡንቻው ኃይል ይለያያል። ይህን ሁሉ ለስሌቱ መስጠት ከባድ ነው።

ከሌላ ሞዴል ጋር ቢነጻጸር ነገሩ ይበልጥ ይገባል። በቤር ሼቫ በቤን ጉሪዮን ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ዞሃር ዮሲባሽ ለዓመታት የአዋቂ ሰውን የጭን አጥንት ከሲቲ ምስል ተነሥተው በዚሁ ዘዴ ሲያሰሉ ነበር። ስሌቱ ትክክል መሆኑን ለማረጋገጥ ከለጋሾች የተገኘ አጥንት በቤተ ሙከራ በማሽን ተጭኖ ውጤቱ ከኮምፒዩተሩ ጋር ተመሳክሯል። የጭን አጥንቱ አያድግም፣ ሊፈተንም ይችላል። የልጅ መንጋጋ ግን ያድጋል፣ እንዲህ ሊፈተንም አይችልም።

የልጆችን መንጋጋ በተመለከተ ዳኛው የሆነው ራሱ ሕክምናው ነው። ከ1990ዎቹ ጀምሮ በአሜሪካና በብሪታንያ በተደረጉ ትላልቅ ጥናቶች፣ የላይኛው የፊት ጥርሳቸው ወደ ውጭ የወጣ ልጆች በዕጣ ተከፈሉ። አንዳንዶቹ በ8 ወይም በ9 ዓመት ገደማ ሕክምና ጀመሩ፣ ሌሎቹ እስከ ጉርምስና ጠበቁ። በመጨረሻ ሲለኩ በሁለቱ ወገኖች መንጋጋ መካከል ያለው ልዩነት ትንሽ ነበር። የብሪታንያው ጥናት በመሣሪያው የተገኘው ለውጥ አብዛኛው የጥርሶች መንቀሳቀስ እንጂ የአጥንት ማደግ አለመሆኑን አሳይቷል። አስቀድሞ መታከም አንድ ጥቅም አለው፤ የወጡት ጥርሶች ቶሎ ስለሚገቡ ልጁ ሲወድቅ ወይም በኳስ ሲመታ የመሰበር ዕድላቸው ይቀንሳል። ልጅዎ ሯጭና ተጋፊ ከሆነ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። «አሁን ካልተጀመረ መንጋጋው አያድግም» በሚል ማስፈራሪያ ግን ለ8 ዓመት ልጅ ውል መፈረም አያስፈልግም። የዕድገቱ ግፊት በሴቶች በአማካይ 12 ዓመት አካባቢ፣ በወንዶች 14 ዓመት አካባቢ ነው፤ ከልጅ ልጅ ግን በሁለት ዓመት ሊለያይ ይችላል። ሐኪሞች ለዚህ ዕድሜን ብቻ አያዩም፤ በጎን ራጅ ላይ የአንገት አጥንቶችን ቅርጽ፣ አንዳንዴም የእጅ አንጓን ራጅ ያያሉ። የላንቃ መለጠጫና የፊት ጭምብል ጉዳይ ግን የተለየ ነው። እነዚህ ስፌቱ ሳይቆለፍ ቢጀመሩ ይሻላል፤ እዚያ መዘግየት ዋጋ ያስከፍላል።

ለማኅበረሰባችን አንድ ሌላ ጥያቄ አለ። ኮምፒዩተሩ «ትክክለኛ» የሚለው ፊት የማን ነው? በራጅ ላይ ፊትን የመለካት ሥራ በ1931 በአሜሪካ ክሊቭላንድ ሆሊ ብሮድቤንት ባስተዋወቀው መሣሪያ ጀመረ። በ1948 ዊሊያም ዳውንስ ያወጣው፣ በዓለም ሁሉ የተማሩበት የመለኪያ ሠንጠረዥ የተመሠረተው በ20 ነጭ አሜሪካውያን ልጆችና ወጣቶች ላይ ነው። ሃያ! ከዚያ በኋላ ለሌሎች ሕዝቦችም ሠንጠረዦች ተሠርተዋል፤ በብዙ አፍሪካዊ ሕዝቦች ጥርስና ከንፈር ትንሽ ወደ ፊት መውጣታቸው ጤናማና የተለመደ መሆኑም በደንብ የታወቀ ነው። ሆኖም ሶፍትዌር ሲከፈት አስቀድሞ የተጫነለት «አማካይ» አለው፤ ሐኪሙ ካልቀየረው የጎንደር ዝርያ ያለውን ልጅ ከቺካጎ ልጅ ጋር ያወዳድራል። ከዚያ «ከንፈሩ 4 ሚሊ ሜትር ወጥቷል» ይላል፤ ቀጥሎም አራት ጤነኛ ጥርሶች ይነቀሉ የሚል ሐሳብ ሊከተል ይችላል። መንቀል አንዳንዴ ተገቢ ነው፤ ቦታ በእውነት ሲጠፋ፣ ልጁም ከንፈሩን መግጠም ሲያቅተው። ነገር ግን ምክንያቱ ቁጥሩ ብቻ ከሆነ ወላጅ «ይህ ልክ ከየትኛው ሕዝብ የተወሰደ ነው?» ብሎ መጠየቅ ይገባዋል። የእናቱንና የአባቱን ፊት ቀና ብሎ የሚያይ ሐኪም በጥያቄው አይቆጣም።

ሁለተኛው ጉዳይ ግግ ነው። በኢትዮጵያ በብዙ አካባቢ ሕፃን ሲያተኩስ ወይም ሲያስቀምጠው ድዱ ላይ ያበጠው ነገር የበሽታው ምክንያት ነው ተብሎ ይወጣ ነበር። የሚወጣው ገና ያልበቀለው የወተት ክራንቻ ጥርስ እምቡጥ ነው። ከሥሩ ያለው የቋሚው ክራንቻ እምቡጥም አብሮ ሊጠፋ ወይም ተጎድቶ ጠማማ ሆኖ ሊበቅል ይችላል። በ1994 የኢየሩሳሌም የሕፃናት ጥርስ ሐኪሞች ከኢትዮጵያ በመጡ ልጆች ላይ ይህን አይተው በሙያ መጽሔት ጽፈዋል። ብዙውን ጊዜ የሚጎዱት የታችኞቹ ክራንቻዎች ናቸው። ክራንቻ ደግሞ ረጅሙ ሥር ያለው፣ የረድፉን ማዕዘን የሚይዝ ቋሚ ነው። በአንድ በኩል ሲጠፋ ሌሎቹ ጥርሶች ወደዚያ ያዘነብላሉ፣ የፊት ጥርሶች መሀል ከአፍንጫ መሀል ይወጣል፤ አነካከሱም ወደ አንድ ጎን ይዛባል። ግራና ቀኙ እኩል ነው ብሎ የሚነሣ ሞዴል እዚህ ላይ ከመጀመሪያው ይሳሳታል። የአፍ ካሜራውም ድድ ውስጥ ተቀብሮ የቀረውን ጥርስ አያይም፤ ራጅ ያስፈልጋል። ከ2020 ወዲህ በጹር እስራኤል ዘመቻም ሆነ ከዚያ በፊት ከኢትዮጵያ የመጣ ልጅ ያላቸው ወላጆች፣ ግግ ወጥቶለት ከሆነ ለሐኪሙ ሳያፍሩ ቢናገሩ ይጠቅማል። እናት ካላስታወሰች አያትን መጠየቅ ነው፤ ብዙ ጊዜ የምታውቀው እሷ ናት።

ስለ ራጅ ከተነሣ፣ ትክክለኛ የሜካኒክስ ሞዴል ለመሥራት የአጥንቱ ሙሉ ምስል ማለትም የጥርስ ሲቲ ያስፈልጋል። ጨረሩ ከተለመደው የጥርስ ራጅ ይበልጣል፣ ልጆች ደግሞ ከአዋቂ ይልቅ ለጨረር ስስ ናቸው። የተቀበረ ክራንቻ ለመፈለግ ወይም ለቀዶ ሕክምና ሲታዘዝ ምክንያት አለው። ለስክሪን ሥዕል ማማሪያ ብቻ ግን ሊነሣ አይገባም።

ገንዘቡም ሊታወቅ ይገባል። የጤና መድን ሕግ በ1995 ሥራ ላይ ሲውል የጥርስ ሕክምና ለአብዛኛው ሰው ከውጭ ቀርቶ ነበር። በ2010 የልጆች ጥርስ ሕክምና ወደ ቁፓት ሆሊም ገባ፤ መጀመሪያ እስከ 8 ዓመት፣ ከዚያ ደረጃ በደረጃ አድጎ በ2019 እስከ 18 ዓመት ደረሰ። መሙላት፣ መንቀል፣ ማጽዳት ውስጡ አሉ። ልጆቹ «ጌሼር» የሚሉት የጥርስ ማስተካከያ ግን በአጠቃላይ አልተካተተም፤ እንደ ከንፈርና ላንቃ መሰንጠቅ ላሉ ከባድ ጉዳዮች የተለየ መብት አለ። ለሌሎች ቤተሰቦች ቅናሽ የሚገኘው በቁፓው ተጨማሪ መድን በኩል ሲሆን፣ የመቆያ ጊዜ ስላለው ልጁ 12 ሲሞላ ከመሮጥ ቀደም ብሎ መጠየቅ ይሻላል። ቅናሹ ከየትኛው ዕድሜ ጀምሮ እንደሚሰጥና ለስንት ሕክምና እንደሆነም በጽሑፍ መቀበል ነው። በ8 ዓመት አንዴ፣ በ13 ዓመት ዳግም የሚታከም ልጅ ሁለት ጊዜ ሊያስከፍል ይችላልና።

ሕክምናው ተጀምሮ ቤተሰቡ ከኪሪያት ማላኺ ወደ ያቭኔ ወይም ወደ ሌላ ከተማ ቢዛወር፣ በ1996 የወጣው የታካሚ መብት ሕግ የሕክምና መዝገብን ቅጂ የማግኘት መብት ይሰጣል። የራጁን፣ የአፍ ካሜራውን ቅጂና የሕክምናውን ዕቅድ አብሮ መውሰድ ይቻላል፤ አዲሱ ሐኪም ልጁን እንደገና ለጨረር ሳያጋልጥ ካለፈው ቦታ መቀጠል የሚችለው እነዚህ በእጁ ሲገቡ ነው።